የመንዝን ዘር ለሚቆጥሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አያቶቻቸው ከመንዝ የወጡ፣ ራሳቸው ግን አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ዋሽንግተን የተወለዱ ሰዎች ዘራቸውን ለማወቅ ሲነሡ ከመረጃ እጥረት ይልቅ የሚያደናቅፋቸው ይዘውት የሚመጡት ግምት ነው። ከዘመድም ከባዳም ጋር የዚህን አገር ዘር ስቆጥር ደጋግሜ የሰማኋቸውን ግምቶች እዚህ አነሣለሁ። ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጥም፤ አንዳንዱ በጥቂት መስመር የሚያልቅ ነው።

«ዘር የሚወርደው በአባት ነው»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ይህ ነው። መታወቂያችን ላይ ያለው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሰው ይህን መስመር ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ሰባተኛው ስም ላይ ሲደርስ «ዘሬን አወቅሁ» ይላል። ያወቀው ከብዙ መስመር አንዱን ነው። ከአባትና ከእናት ጀምሮ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ሲቆጠር በሰባተኛው ደረጃ ብቻ 128 ቦታ አለ። በአንድ አገር ሰው መካከል ጋብቻው ስለሚደጋገም አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ቢሆንም 127ቱን ትቶ አንዱን መያዝ ዘር ቆጠራ አይባልም።

የመንዝ ባላገር ራሱ በአባቱ ብቻ ቆጥሮ አያውቅም። ርስት በወንድም በሴትም ይወርድ ነበር። አንድ ሰው በእናቱ እናት በኩል ቆጥሮ ያገኘው መሬት ከአባቱ ከወረሰው ሊበልጥ ይችል ነበር። ጋብቻም እንደዚያው ነው። ዘመድ ከዘመድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ስለማይጋባ፣ ነገሩ ሳይጠና በፊት የሁለቱም ወገን እናቶችና አያቶች ይቆጠራሉ። ይህን ቆጠራ አጥርተው የያዙት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው። ከከተማ የሚሄደው ጠያቂ ግን ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ሲጽፍ ይውላል፤ ባልቴቷ ጓዳ ናቸው፣ የጠየቃቸውም የለም።

አንድ መልካም ነገር አለ። በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። የአያትዎን እናት ሙሉ ስም ካገኙ አባቷንም አብረው አግኝተዋል ማለት ነው። በሌላው ዓለም ዘር የሚቆጥሩ ሰዎች የሴቶችን የልጅነት ስም ፍለጋ ስንት ዓመት እንደሚደክሙ ቢያውቁ ይህን ጸጋ አይንቁትም ነበር።

«ሽማግሌው በቃላቸው ያወረዱት ሁሉ እውነት ነው»፤ ወይም «ሁሉም ተረት ነው»

ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣሁት ከአንድ ጉድለት ስለሚመነጩ ነው። ሁለቱም ዘሩ ለምን እንደተቆጠረ አይጠይቁም።

እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. ድረስ በመንዝ ዘር መቁጠር መሬት ማግኛ ነበር። ርስት ይገባኛል የሚል ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀኑት አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ስም በስም አውርዶ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ ተሟጋቹ ደግሞ መካከል ላይ ያለውን አንዱን ስም ይዞ «እርሱ ልጅ አልነበረውም» ብሎ ሊያፈርስበት ይሞክራል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው በዚህ ሙግት ዓለም ነው። የ1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርገው ሙግቱ ቆመ፤ በሙግት የሠለጠነው ትውልድም ዛሬ አልፎ ወይም እጅግ አርጅቶ ነው የምናገኘው።

የጓሳ ምድር ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። መንዝ ጌራ ውስጥ ያለውን ያን ሰፊ የደጋ ሣር ሕዝቡ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። እንደ አገሩ ትውፊት ቦታውን ያቀኑት አስቦና ጌራ የሚባሉ አባቶች ናቸው። ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭደው፣ ከብቱን የሚያሰማራውም ከእነዚህ የሚወለድ ሰው ነበር። ለዓመታት ተዘግቶ ሲቆይና ሲከፈት ማን ይገባል፣ ማን አይገባም የሚለውን ዘር ይወስነው ነበር። እንግዲህ ራስዎን በዚያ ሰው ቦታ ያስቀምጡ። ከአስቦ የሚያደርስዎትን መስመር በደንብ ያጠናሉ፤ ምንም የማያስገኝልዎትን መስመር ግን ለልጅዎ አያስጠኑም። ዛሬ የጠፉብን መስመሮች በአብዛኛው እነዚያ ጥቅም አልባ የነበሩት ናቸው።

ስለዚህ የቃል ቆጠራ ላይኛው ጫፍ፣ አቅኚው አባት፣ ጸንቶ ይኖራል። የታችኛው ጫፍ፣ ተናጋሪው ራሱ ያያቸው አያትና ቅድመ አያት፣ ይታመናል። የሚሳሳው መካከሉ ነው። መሬት ያላስጨመሩ፣ ያልተሟገቱ፣ ቀደም ብለው የሞቱ ሰዎች ከዚያ ይወድቃሉ።

«እኛ የነጋሲ ዘር ነን»

ይህን ያልሰማሁበት የመንዝ ቤት ጥቂት ነው። ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥተው የሸዋን ገዥ ቤት የመሠረቱ ናቸው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከእርሳቸው የሚወለደው ሰው ዛሬ እጅግ ብዙ እንደሚሆን አያጠራጥርም፤ ስለዚህ አባባሉ ውሸት ነው ብዬ አልከራከርም። የምጠይቀው መስመሩን ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። የገዥው ቤት መስመር የታወቀ ነው፤ ነጋሲ፣ ስብስቴ፣ አብዬ፣ አምሃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ። ዘጠኝ ስም ነው። ምኒልክ የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. ነው። በ1940 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ከእርሳቸው መቶ ዓመት ያህል፣ ማለትም አራት ትውልድ ያህል ይርቃል። ይህ ሰው ከነጋሲ እስከ ራሱ ሲቆጥር አሥራ ሦስት ስም አካባቢ ሊኖረው ይገባል። አሥራ አንድ ወይም አሥራ አምስት ቢሆን አይገርምም። ሰባት ስም ብቻ ቆጥሮ ነጋሲ ላይ ከደረሰ ግን አምስት ስድስት ሰው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ሳይታወቅ መስመሩን አስጊጦ ግድግዳ ላይ መስቀል ይቸኩላል።

«የተጻፈ ነገር የለም»

የልደት መዝገብ የለም ከሆነ ትክክል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ሥራ ላይ እንዳይውል ራሱ ሕጉ አቆየው። አገር አቀፍ ምዝገባ የተጀመረው በ2004 የወጣውን አዋጅ ተከትሎ በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የቅድመ አያትን የልደት ወረቀት ለማግኘት ወረዳ ለወረዳ መንከራተት ትርፍ የለውም።

የተጻፈው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በየደብሩ ያሉ የብራና ወንጌሎችና ዳዊቶች ባዶ ገጾቻቸው ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስ፣ የምስክሮች ስም ተጽፎባቸዋል። ጎጃም ውስጥ ሞጣ ጊዮርጊስ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጻፈ እጅግ ሀብታም የመሬት መዝገብ አለው፤ የመንዝ አድባራት ያን ያህል ባይኖራቸውም ባዶ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ለማንሣት በተደረገው ትልቅ ሥራ ብዙ የሸዋ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ቅጂዎቹ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ግቢ ባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብዙዎቹንም ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማየት ይቻላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ወመዘክርን፣ ማለትም ብሔራዊውን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሳይጎበኝ «የለም» ማለት የለበትም።

አንድ እንቅፋት አለ። ብራናው ሰውን የሚጠራው ብዙ ጊዜ በክርስትና ስሙ ነው። እርስዎ የሚፈልጓቸው ወይዘሮ በቤት ስማቸው በአካባቢው ሁሉ የታወቁ ቢሆኑ፣ ብራናው ላይ ከብዙዎቹ አንዷ ወለተ ማርያም ሆነው ሊቆዩዎት ይችላሉ። ስለዚህ አረጋውያንን ሲጠይቁ ከቤት ስሙ ጋር የክርስትና ስሙን አብረው ይጠይቁ። የቤተሰቡ የንስሐ አባትም ለሙታን ጸሎት ሲሉ የሚያስታውሱት ይህንኑ ስም ነው።

«ስሙ አንድ ከሆነ ሰውየው አንድ ነው»

አይደለም። ኃይሌ ወልዴ የሚባል ሰው በአንድ ደብር አምስት ሊኖር ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም ይዞ ሦስት ሰው መስሎ ይቀርባል። ከስሙ ጋር የሚስቱን ስምና የተቀበረበትን ደብር ካልያዙ ስሙን እንደያዙት አይቁጠሩ።

«አያቴ ከመንዝ ናቸው ማለት ይበቃል»

መንዝ ሰፊ አገር ነው። የጥንቱ አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የሚል ነበር፤ በንጉሡ ዘመን መንዝና ግሼ አውራጃ ሆኖ ቆየ፤ ዛሬ ደግሞ ቀያ ገብርኤልን ጨምሮ በበርካታ ወረዳዎች ተከፋፍሏል። ወረዳ ይለዋወጣል፤ ደብር ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። የሚፈለገው የቤተ ክርስቲያኑ ስም ነው። «የየትኛው ደብር ሰው ናቸው? የት ተቀበሩ?» ብሎ የሚጀምር ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

«ዘመኑን ማወቅ አይቻልም»

ይቻላል፤ በዓመት ቁጥር ሳይሆን በድርጊት። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ክፉ ቀን፣ የ1888ቱ የዓድዋ ዘመቻ፣ ጥቅምት 1909 የተደረገው የሰገሌ ጦርነት፣ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ ማይጨው፣ የአምስቱ ዓመት ጠላት። «አባትዎ በሰገሌ ጊዜ ጦር ይዘው ነበር ወይስ ገና እረኛ ነበሩ?» ሲባል ሰው ያስታውሳል። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ሲባል ግን ግምት ይሰጥዎታል፤ ያም ግምት ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲዞር ሌላ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል። ሰገሌ ሸዋ ውስጥ የተደረገ ጦርነት ስለሆነ ለመንዝ ቤተሰብ ከሌሎቹ ይልቅ ይጠቅማል፤ ያልዘመተበት ወይም ያልሞተበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

«በቆጠራው ላይ ያለ ሁሉ በሥጋ የተወለደ ነው»

የጡት ልጅነት በሥጋ ሳይወለዱ ልጅና አባት መሆኛ ነው፤ ማደጎም አለ። ባሪያ የነበረ ሰው በጌታው ስም ሲጠራ፣ ልጆቹም በዚያው ስም ሲቀጥሉ ታይቷል፤ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ አይደለም። ሸማኔና ቀጥቃጭ አያት ያለው ቤተሰብ ያንን መስመር ዘልሎ «እገሌ የባላባት ልጅ» ላይ ሲያርፍም ያጋጥማል።

እዚህ ላይ የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሽማግሌ ዝም ሲሉ ዝምታው ይመዘገብ፤ ሰው ፊት ግን አይቆፈር። በአንድ ድግስ ላይ የተወረወረ ጥያቄ ሁለት ቤት ሊያለያይ ይችላል፤ ዘር ቆጣሪው ተመልሶ ከተማ ይገባል፣ እነርሱ ግን አብረው ይኖራሉ።

«የዘረመል ምርመራ ይጨርሰዋል»

ምርመራው የቅድመ አያትዎን ስም አይነግርዎትም። የሚያገናኝዎት ከተመረመሩ ሕያዋን ዘመዶች ጋር ነው፤ ከእኛ ሰው መካከል የተመረመረው ደግሞ በአብዛኛው ውጭ የሚኖረው ነው። በልጅነታቸው በጉዲፈቻ ውጭ አገር ያደጉ ወገኖች የአጎት ልጅ ሊያገኙበት ይችላሉ፤ ለእነርሱ ትልቅ ነገር ነው። መንዝ ውስጥ ለተቀመጠ የቃል ቆጠራ ግን አጋዥ እንጂ ዳኛ አይሆንም።

«አንድ አዋቂ ሽማግሌ ካገኘሁ ሌላ ሰው አያስፈልገኝም»

ያስፈልግዎታል። የእርስዎን ዘር የቆጠረልዎት ሰው ለራሱ መስመር ነው የሠለጠነው፤ የእናትዎን አያት መስመር አጥርቶ የያዘው ከወንዙ ማዶ ያለው ሌላ ደብር፣ ምናልባትም ከአያትዎ ጋር በርስት የተካሰሰው ቤት ነው። የተከሳሹ ቤት ቆጠራ እንደ ወርቅ ነው፤ ተቀናቃኙን ለመርታት የእርስዎን ዘር ከእርስዎ አስበልጦ አጥንቶታል።

ስለዚህ ከሌሎች ቆጣሪዎች ጋር መሥራት የግድ ነው። አንዱ ግእዝ ያነባል፣ ሌላው አገሩ ነው፣ ሌላው አዲስ አበባ መዝገብ ቤት መግባት ይችላል፣ ውጭ ያለው ደግሞ ማይክሮፊልሙን ይፈትሻል። ይህ ትብብር የሚበላሸው ሰዎች ጥሬውን ትተው ያለቀውን ሐረግ ብቻ ሲለዋወጡ ነው። አንዱ ያላመነበት ግምት ሦስተኛው እጅ ሲደርስ የታወቀ ነገር ሆኖ ያርፋል። እያንዳንዱ ስም አጠገብ ማን እንደነገረ፣ የየትኛው ደብር ሰው እንደሆነ፣ መቼ እንደነገረ ይጻፍ። ሁለት ቆጠራ ሲጋጭ የሚበዛው ይሁን ተብሎ በድምፅ አይወሰንም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ሽማግሌ ለመጠየቅ ሲሄዱም የያዙትን ዝርዝር ቀድመው አያንብቡላቸው። «አዎ፣ ልክ ነው» ማለት ለእንግዳ የሚሰጥ አክብሮት ነው፤ ማስረጃ አይደለም። ሁለት አዋቂዎችን በአንድ ላይ አያስቀምጡ፤ ታናሹ ታላቁን ይከተላል። ፈቃድ ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅዱ፤ ቅጂውንም ለልጆቻቸው ይስጡ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም ለሌሎች ቆጣሪዎች ከማስተላለፍዎ በፊት ደግሞ ባለቤቶቹን ይጠይቁ።