የኢራንን ሐዲድ ማን ሠራው? ስለ ፋርስ መተላለፊያ የሚደጋገሙ ስሕተቶችና እውነታው

የዓለም ታሪክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከፈተና ወረቀት ላይ ጠፍቶ የማያውቅ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና አሜሪካ ለኢራን የባቡር ሐዲድ ሠሩላት» ይላል። ተማሪ ቢሳሳት አይደንቀኝም። ባለፈው ዓመት ግን ይኸው ዓረፍተ ነገር እንዳርመው በተሰጠኝ የሬዲዮ ዝግጅት ጽሑፍ ውስጥ መጣ፤ በቀይ ሰርዤ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፌ መለስኩት፤ በዕለቱ ሬዲዮ ስከፍት ቃል ሳይለወጥ ተነበበ። ስለዚህ ስለዚያ ሐዲድና ስለዚያ ዘመን ኢራን ሲነገሩ የምሰማቸውን ስሕተቶች እዚህ አርማለሁ። ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኢራን የጀርመን ወገን ነበረች።» አልነበረችም፤ ጦርነቱ እንደ ተነሣ በሴፕቴምበር 1939 ገለልተኛነቷን አውጃለች። ከጀርመን ጋር ሰፊ ንግድ ነበራት፤ ጀርመናውያን ባለሙያዎችም አገሯ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ መነገድ ግን መሰለፍ አይደለም።

«ወረራው ጀርመናውያንን ለማስወጣት ብቻ ነበር።» ጀርመናውያኑ በአደባባይ የተነገሩት ምክንያት ናቸው። ሂትለር በጁን 1941 ሶቪየት ኅብረትን ሲወር፣ ለሞስኮ ዕርዳታ የሚገባበትና በረዶ የማይዘጋው በር አስፈለገ፤ እንግሊዞችም በደቡብ ኢራን ያለው የአባዳን የነዳጅ ማጣሪያ ከእጃቸው እንዲወጣ አልፈለጉም። ኦገስት 25 ቀን 1941 ሶቪየቶች ከሰሜን፣ እንግሊዞች ከደቡብና ከምዕራብ ገቡ፤ ኢራንም በአራተኛው ቀን ተኩስ አቆመች። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 19 ቀን 1933 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ አራት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። በምዕራብ በኩል ወደ ከርማንሻህ ያቀናውን የሕንድ ክፍለ ጦር ያዘዘው ጄኔራል ስሊምም፣ ዓመት ሳይሞላው በፊት በመተማ ድንበር፣ በገላባት፣ ጣሊያኖችን የገጠመው መኮንን ነው።

«አሜሪካም አብራ ወረረች።» ያን ጊዜ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ እንኳ አልገባችም። ወታደሮቿ በብዛት የመጡት ከ1942 መጨረሻ ወዲህ ነው፤ ቁጥራቸውም 30 ሺህ ያህል ደርሷል።

«ለሶቪየት የተላከው ዕርዳታ ሁሉ በሰሜኑ የሩሲያ ወደብ በሙርማንስክ በኩል ሄደ።» በጭነት ክብደት ቢለካ ግማሽ ያህሉ የሄደው በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ የሶቪየት ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች ነው፤ ጃፓንና ሶቪየት ያን ጊዜ ጦርነት ላይ አልነበሩምና። ከጠቅላላው 17.5 ሚሊዮን ቶን ሩብ የሚጠጋው፣ ማለትም ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ የሚሆነው፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ በኩል ገብቷል፤ የፋርስ መተላለፊያ የሚባለውም በኢራን በኩል የሚያልፈው ይህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሐዲዱ። ከካስፒያን ባሕር ዳር ተነሥቶ በቴህራን በኩል እስከ ባሕረ ሰላጤው የሚዘልቀው 1,394 ኪሎ ሜትር መስመር የተጠናቀቀው በ1938 ነው፤ ወረራው ሊመጣ ሦስት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። የተሠራውም በውጭ ብድር አይደለም፤ የኢራን ፓርላማ፣ መጅሊሱ፣ በ1925 በስኳርና በሻይ ላይ በጣለው ልዩ ቀረጥ ነው። ሻይ ከማለዳ እስከ ማታ ከእጅ በማይለይበት አገር፣ በአንድም ጣቢያ ተሳፍሮ የማያውቀው ገበሬ ሳይቀር በየብርጭቆው ለሐዲዱ ከፍሏል። ከ1933 ጀምሮ ሥራውን የመራው ካምፕሳክስ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ እንደ ነበረ፣ ቁራጭ ቁራጩንም የልዩ ልዩ አገር ተቋራጮች እንደ ወሰዱት እውነት ነው፤ ነገር ግን ተቀጥረውና ደመወዛቸውን ተቀብለው ነው የሠሩት።

አንድ ተማሪዬ ይህን ሊያፈርስ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ፤ የአሜሪካ ወታደሮች በአንድ ሎኮሞቲቭ ፊት ቆመው ይስቃሉ። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ ሎኮሞቲቩም የእነርሱ ሳይሆን አይቀርም። የእንፋሎት ባቡር ውኃ አይጠግብም፤ መስመሩ ደግሞ ደረቅ አገር ያቋርጣል፤ ከ200 በሚበልጡ ዋሻዎችም ያልፋል፤ በዋሻ ውስጥ ጭሱና ሙቀቱ ሠራተኛውን ያፍነዋል። አሜሪካኖች በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ያመጡት ስለዚህ ነው። ወደቦቹንም አስፍተዋል፤ መንገድ ጠርገዋል፤ በአንዲሜሽክና በኮራምሻህር የካሚዮን መገጣጠሚያ አቁመዋል። ይህን ሁሉ አልክድም። እንግዲህ ፎቶ የምታሳዩኝ ሰዎች፣ ከባቡሩ ይልቅ ከሥሩ ያለውን ብረት ተመልከቱና መቼ እንደ ተነጠፈ ጠይቁ፤ ቀጥሎ ገንዘቡን የከፈለውን፣ በመጨረሻም በፉርጎው ላይ የተጫነው የማን ዕቃ እንደ ነበረ ጠይቁ።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው ነገሩን የሚገልጠው። ፉርጎዎቹ ለጦር ዕቃ ሲያዙ፣ ካሚዮኖቹም ለዚያው ሲውሉ፣ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እህል የሚያደርስ ጠፋ። እህል አብቃዩ የአዘርባይጃን አውራጃ በሶቪየቶች እጅ ነበር። የ1942 ምርት ደካማ ነበር፤ የአገሬው ባለ እህልም ዋጋ እስኪወደድ ጎተራውን ዘጋ። በዚያ ላይ የሪያል ምንዛሪ ከፓውንድ አንጻር እንዲወርድ ተደረገ፤ የውጭ ጦር ለሚያወጣው ወጪም የወረቀት ገንዘብ ያለ ልክ ታተመ። በዲሴምበር 1942 የቴህራን ሕዝብ ዳቦ ብሎ ወጣ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የቃቫም ቤት ተቃጠለ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የተስቦ ወረርሽኝ ተጨመረ። ሐዲዱ ስጦታ ነበር የሚል ሰው ይህን ዓመት ሳያነብብ ያለፈ ነው።

«ውል ስለ ተፈረመ ወረራ ሊባል አይችልም።» በጃንዋሪ 29 ቀን 1942 በተፈረመው የሦስትዮሽ ውል ላይ የጦሩ መገኘት እንደ ወረራ እንደማይቆጠር በእርግጥ ተጽፏል። የውሉን ቀን ግን ልብ በሉ፤ ጦሩ ከገባ አምስት ወር አልፎታል፤ የኢራን ንጉሥ ሬዛ ሻህም ከዙፋኑ ወርዶ ወደ ሞሪሸስ ተግዟል።

«ኢራናውያን ዝም ብለው የተነዱ ነበሩ።» በዚያው ውል ውስጥ ጦሩ ጦርነቱ ባበቃ በስድስት ወር ውስጥ እንዲወጣ የሚያስገድድ ቃል አለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ክርክር ሁሉ የተሸከመውም ይህ ቃል ነው። የገንዘብ ጉዳዮችን እንዲመራ አሜሪካዊውን ሚልስፖን፣ የገጠሩን ፖሊስ፣ ጃንደርሜሪውን፣ እንዲያደራጅ ኮሎኔል ሽዋርስኮፍን የጋበዘውም የኢራን መንግሥት ራሱ ነው፤ በእንግሊዝና በሶቪየት መካከል ተጨፍልቆ ከመቅረት ሦስተኛ ኃይል ማስገባት ይሻላል ብሎ። ስሌቱ ትክክል ነበር ወይ ቢባል ብዙ ያከራክራል። ስሌት አልነበረም ማለት ግን ንቀት ነው።

«ሶቪየቶችን ያስወጣው የትሩማን ማስጠንቀቂያ ነው።» ትሩማን ለስታሊን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንደ ላከ ከዓመታት በኋላ ተናግሯል፤ እንዲህ ያለ ሰነድ ግን አልተገኘም። የውሉ ቀነ ገደብ ማርች 2 ቀን 1946 ሲያልፍ ሶቪየቶች አልወጡም። ኢራን አቤቱታዋን ገና ከጃንዋሪ ጀምሮ ለአዲሱ የጸጥታው ምክር ቤት አቅርባ ነበር፤ ዳግም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ቃቫምም ሞስኮ ድረስ ሄዶ ተደራደረ፤ ለሶቪየቶች በሰሜን የነዳጅ ኩባንያ ቃል ገባላቸው፤ ቃሉ ግን በመጅሊሱ መጽደቅ ነበረበት። ጦሩ በሜይ 1946 ለቆ ወጣ። መጅሊሱ በኦክቶበር 1947 ተሰብስቦ የነዳጁን ስምምነት በ102 ድምፅ ለ2 ጣለው።