ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉም? የኢትዮጵያ የሕግ ክርክርና ዋና ዋና ውሳኔዎቹ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትን ለመተርጎም የመጨረሻው ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን በአንቀጽ 62 እና 83 የሰጠው ለዚህ ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በምክር ቤቱ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወንበር ያገኛል። አባላቱን የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው ሊመርጡ ወይም በቀጥታ በሕዝብ ሊያስመርጡ ይችላሉ፤ በተግባር የተለመደው የመጀመሪያው ነው። የሕግ እውቀቱን የሚያቀርብለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሲሆን አባላቱ 11 ናቸው፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ (ጉባኤውን ይመራሉ)፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት።

ለዚህ አደረጃጀት የሚሟገቱት ወገኖች መነሻቸው አንቀጽ 8 ነው። ሉዓላዊ ሥልጣን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከሆነ ሰነዱ የእነሱ ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳንን ደግሞ ሊተረጉም የሚገባው የተዋዋለው እንጂ ማንም ያልመረጠው ዳኛ አይደለም ይላሉ።

ተቃራኒው ወገን ክርክሩን በዳኝነት ነጻነት ላይ ይመሠርታል። አንድ ፓርቲ ፓርላማውንም፣ የክልል ምክር ቤቶችንም፣ በእነሱ በኩል የፌዴሬሽን ምክር ቤቱንም ሲይዝ፣ ሕጉን ያወጣው ኃይል ስለ ሕጉ ሕገ መንግሥታዊነት መልሶ ፈራጅ ይሆናል። መፍትሔው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ማቋቋም ወይም ሥልጣኑን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት መስጠት ነው ባዮች ናቸው። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ መንገዱ ግን አቀበት ነው፤ ምክንያቱም አንቀጽ 105 ለማሻሻያ የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያጸድቅና ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው እንዲስማሙ ይጠይቃል።

ይበልጥ የሚያጓጓው የሦስተኛው ወገን ንባብ ነው። የአንቀጽ 84(2) የአማርኛ ቅጂ ወደ አጣሪ ጉባኤው የሚሄዱት በፌዴራልም ሆነ በክልል «ሕግ አውጪ አካላት» የሚወጡ ሕጎች መሆናቸውን ይናገራል። የእንግሊዝኛው ቅጂ ግን በጥቅሉ ሕግ ብቻ ይላል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ስለሆነ፣ የአስፈጻሚው ደንብና መመሪያ ከዚህ አጥር ውጭ ነው፤ ፍርድ ቤትም ሊመረምረው ይችላል ይላሉ። አንቀጽ 13(1) ስለ መሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች የሚናገረውን ሦስተኛውን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት በዳኝነት አካላትም ላይ መጣሉ ክርክራቸውን ያጠናክረዋል። አዋጅ ቁጥር 250/1993 ግን ደንብና መመሪያን «ሕግ» በሚለው ትርጓሜ ውስጥ ስላስገባ ይህን በር ሊዘጋው ሞከረ።

አሠራሩን አሁን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 798/2005 ነው። በፍርድ ቤት በተያዘ ጉዳይ ላይ የትርጉም ጥያቄ ከተነሣ ፍርድ ቤቱ ወይም ባለጉዳዩ ለጉባኤው ሊያቀርብ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ሲልክ ትርጉም የሚያስፈልገውን የሕግ ነጥብ ብቻ ነጥሎ ነው። በፍርድ ቤት ሊወሰን የማይችል ጉዳይ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑ የፌዴራል ወይም የክልል ምክር ቤት አባላት፣ ወይም አስፈጻሚ አካል ሊያቀርበው ይችላል። ጉባኤው «ትርጉም አያስፈልገውም» ካለ ጉዳዩን ይመልሳል፤ ቅር የተሰኘው ወገን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ይላል። «ያስፈልገዋል» ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ይልካል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ሕገ መንግሥቱ ያዝዛል።

አብዛኛው አቤቱታ እዚህ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። ብዙ ጠበቆች ጉባኤውን ከሰበር (የመጨረሻ ውሳኔዎችን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ከሚያርመው ችሎት) በኋላ ያለ ሌላ የይግባኝ እርከን አድርገው ያዩታል። ማስረጃ ተዛብቶ ተመዘነ፣ ውል በስሕተት ተተረጎመ የሚል አቤቱታ ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ አይሆንም። የተጣሰውን አንቀጽ ለይቶ፣ የጣሰውን ሕግ ወይም ውሳኔ ጠቅሶ፣ በሌላ አካል ያለውን መፍትሔ አስቀድሞ ጨርሶ መቅረብ ግድ ነው።

ውሳኔዎቹ የትኛውንም ወገን ሙሉ በሙሉ አያስደስቱም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በርታኛ ባለመቻላቸው ከዕጩነት የታገዱ ሰዎች ባቀረቡት ጉዳይ ምክር ቤቱ በ1995 የምርጫ ሕጉን አልሻረውም፤ የሚጠየቀው ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛ፣ ነው አለ። በ1996 በከድጃ በሽር ጉዳይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከራካሪዋ ሳትስማማ የሰጠውን የውርስ ፍርድ ከአንቀጽ 34(5) ጋር ይቃረናል ብሎ ሻረው። በ2006 በቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር በአቶ መላኩ ፈንታ የሙስና ክስ ሳቢያ፣ ከፍተኛ ባለሥልጣናት በመጀመሪያ ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲዳኙ የሚያደርገው ድንጋጌ የይግባኝ መብትን ያሳጣል ተብሎ ወደቀ። በሌላ በኩል በ1997 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከላቸውን ተቃዋሚው ፓርቲ ቅንጅት ሲቃወም፣ ጉባኤው ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ መለሰው። ተቺዎች ይህንን እንደ ማስረጃ ያነሡታል፦ ግለሰቦች ሲከራከሩ ምክር ቤቱ ይደፍራል፤ የሥልጣን ጉዳይ ሲመጣ ይቆጠባል።

ትልቁ ፈተና በ2012 መጣ። በኮሮና ምክንያት ነሐሴ 23 ቀን የታሰበው ምርጫ ሲሰረዝ፣ የፓርላማው የሥራ ዘመን ግን እያለቀ ነበር። ፓርላማውን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥት ማሻሻልና ትርጉም መጠየቅ በአማራጭነት ቀረቡ፤ ትርጉሙ ተመረጠ። አጣሪ ጉባኤው የባለሙያዎችን ክርክር በቴሌቪዥን አስደመጠ፤ ምክር ቤቱም ሰኔ 3 በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ምርጫው እንዲራዘምና ነባሮቹ ምክር ቤቶች እንዲቆዩ ወሰነ። ተቃዋሚዎች አንቀጽ 58(3) አምስት ዓመት ሲል ግልጽ ነው፤ ግልጽ ነገር ትርጉም አይሻም አሉ። ደጋፊዎች ሕገ መንግሥቱ ዝም ያለበትን ክፍተት መሙላትም ትርጉም ነው ብለው መለሱ። የትግራይ ክልል ውሳኔውን ሳይቀበል ጳጉሜን 4 የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ ምክር ቤቱ ይህ ምርጫ እንዳልተደረገ የሚቆጠር ነው ያለው ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 30 ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን በፍርድ ቤቶች በኩል ጸጥ ያለ ለውጥ አለ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ፍርድ ቤት የፌዴራል ተቋማትን መመሪያ እንዲመረምር ፈቅዷል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ የሕገ መንግሥት ድንጋጌን መጣስ ሰበር ሊያርመው ከሚችለው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ጋር ቆጥሮታል። መመሪያ የጎዳው ባለጉዳይ ከአጣሪ ጉባኤው በር በፊት የሚያንኳኳው ሌላ በር አግኝቷል።