ፔጆ 404፣ ካምበር ፕሌትና መኪና ዝቅ የማድረግ ሥራ በሐረር

ካምበር ፕሌት የፊት አሞርዛተር (የመኪናውን ንዝረት የሚያበርደው ዕቃ) ከላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበትን መያዣ የሚተካ የብረት ወይም የአልሙኒየም ሰሌዳ ነው። ብሎኖቹ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ክብ ሳይሆኑ ረዘም ያሉ ስለሆኑ፣ ብሎኖቹ ሲላሉ የአሞርዛተሩ አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይንሸራተታል። በዚህም ጎማው ከፊት ሲታይ ያዘነበለበት ማዕዘን፣ ማለትም ካምበሩ፣ ይቀየራል። አሮጌ የስፖርት መኪናቸውን ዝቅ ያደረጉ ሰዎች ከሞላ (ከስፕሪንግ) ቀጥሎ የሚፈልጉት ዕቃ ይኸው ነው። ሐረር ላይ የአሮጌ መኪና ወሬ ከተነሳ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ፔጆ 404 ላይ ስለሆነ፣ ነገሩን በዚሁ መኪና እግር፣ ማለትም ጎማውን ከአካሉ ጋር በሚያያይዘው ክፍል፣ ማየት ይቀላል።

ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ላይ ዋለ። መልኩን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ሲሆን፣ 1,618 ሲሲ የሆነው ሞተሩ 45 ዲግሪ ጋደል ብሎ ስለተቀመጠ ኮፈኑ ዝቅ ያለ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የአውቶሞቢሉ ምርት እስከ 1975 ቀጥሏል። ከአራት በሩ መኪና ጎን ፒኒንፋሪና ራሱ የሠራቸው ኩፔና ጣሪያው የሚከፈት ካብሪዮሌም ነበሩ፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከላይ ሲታዩ ሌላ መኪና ይምሰሉ እንጂ ከታች የቆሙት በዚያው በአራት በሩ፣ በሐረር ታክሲው፣ እግር ላይ ነው። ስለዚህ የሐረሩ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀውን 404 እግሩን ፈትቶ የገጠመ መካኒክ፣ አውሮፓ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀመጠውን ካብሪዮሌ እግርም ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

መኪናው በዚህ አካባቢ ሥር መስደዱ አያስገርምም። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚያው ሳቢያ ነው። የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳይ ነበር፤ ድሬዳዋ ላይ ያቆመው ወርክሾፕም ብረት መቁረጥ፣ መበየድና ቶርኖ መሥራት ለትውልድ ሲተላለፍ የኖረበት ቦታ ነው። የጋራዡ ቋንቋ ግን ከፈረንሳይኛ ይልቅ ወደ ጣሊያንኛ ያደላል፦ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን። የፈረንሳይ መኪና በጣሊያን ቃል ይፈታል። በነገራችን ላይ ስሙን ሰምቶ ጀጎል ውስጥ ወዳለው መኪና ግርግር ጋራዥ ፍለጋ የሚሄድ እንግዳ የሚያገኘው ልብስ ሰፊዎችን ነው፤ የሚንጋጋው መኪና የስፌት መኪና ነው።

የፊት እግሩ

የ404 የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። በአሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ስም የሚጠራ ሲሆን፣ አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው ምሰሶ ይሆናሉ። ምሰሶው ከታች በአግድም ክንድ ይያዛል፣ ከላይ ደግሞ በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) ውስጠኛ ግድግዳ አናት ላይ በብሎን ይታሰራል። መሪ ሲዞር ምሰሶው ራሱ አብሮ ይዞራል። ፖርሸ 911፣ ቢኤምደብሊው 2002 እና ዳትሰን 240ዜድም የፊት ምሰሶ ያላቸው መኪኖች ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ካምበሩን የሚወስኑት ሁለት ነጥቦች ናቸው፦ የታችኛው ኳስ (ምሰሶው ከክንዱ ጋር የሚገናኝበት ክብ መገጣጠሚያ) እና የላይኛው መያዣ። የታችኛው በክንዱ ርዝመት የተወሰነ ነው። በቀላሉ ሊንቀሳቀስ የሚችለው የላይኛው ብቻ ነው፤ የካምበር ፕሌት ሐሳብም ከዚህ የመጣ ነው።

የጎማው አናት ወደ ሞተሩ ካዘነበለ ካምበሩ ኔጋቲቭ፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ ፖዘቲቭ ይባላል። ኔጋቲቩ ሲበዛ መኪናው ሸፋፋ ይመስላል፤ ለዓይን ሲሉ ብቻ ሸፋፋ የሚያደርጉትም አሉ፣ የጎማ ዋጋ የማያሳስባቸው መሆን አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩ የቤተሰብ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዜሮ የተጠጋ ወይም ጥቂት ፖዘቲቭ ካምበር ነበራቸው፤ ያለ ኃይል ማገዣ የሚዞረውን መሪ ያቀልል ነበርና።

መኪናውን ዝቅ ማድረግ ይህን ሁሉ ያናጋዋል። የታችኛው ክንድ መኪናው ሲቆም የውጭ ጫፉ ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። መኪናው ሲወርድ ጫፉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክንዱ አግድም እስኪሆን ድረስ የጎማውን ታች ወደ ውጭ ይገፋል፣ ካምበሩም ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። እስከዚህ ደግ ነው። አግድሙን ካለፈ በኋላ ግን ክንዱ መልሶ የጎማውን ታች ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። በጣም ዝቅ ያለ መኪና ኩርባ ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ ሲጋደል፣ ክብደቱን የተሸከመው የውጭ ጎማ በሚያስፈልገው ሰዓት ኔጋቲቭ ካምበሩን ያጣና በውጭ ጠርዙ ብቻ ይቆማል። ካምበር ፕሌት ይህን ጉድለት አስቀድሞ የሚከፍል ቅድመ ክፍያ ነው፦ መኪናው ቆሞ ሳለ ተጨማሪ ኔጋቲቭ ይሰጠዋል፣ ኩርባው ላይ የሚጠፋው ቢጠፋም የሚተርፍ እንዲኖር።

ፕሌቱ የማይፈውሳቸው ሁለት ሕመሞች አሉ፤ ሻጮች ብዙም አያነሷቸውም። አንደኛው መጋደል ነው። ማክፈርሰን እግር ያለው መኪና 3 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ፣ አካሉ የሚጋደልበት ምናባዊ ማዕከል ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ክብደቱና ማዕከሉ ይበልጥ ስለሚራራቁ ዝቅ ያለው መኪና ሞላው ካልጠነከረ ከበፊቱ የባሰ ይጋደላል። መድኃኒቱ በክንዱና በምሰሶው ግርጌ መካከል የሚገባ ስፔሰር እንጂ ላይኛው ሰሌዳ አይደለም። ሁለተኛው፣ የመሪው ዘንግና የክንዱ ማዕዘን ስለሚለያዩ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ መሪው ሳይነካ ራሱ መዞሩ ነው። ሹፌሩ ይህን «ይጎትታል» ብሎ ይናገራል፤ ከዚያ አላይመንት በአላይመንት ላይ ይሠራለታል፣ መጎተቱ ግን አይቀርም።

ገጠማው

ሥራው የሚጀምረው ምሰሶውን ከነሞላው በማውረድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሰው ይገድላል፦ ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የመሀል ዳዶውን መፍታት። የታመቀ ሞላ ሲፈናጠር አጠገቡ የቆመን አይምርም። ሞላውን ቆርጦ ማሳጠርም የታወቀ አቋራጭ ነው። ጥቅል ሲቀንስ ሞላው ያጥራል ብቻ ሳይሆን ይጠነክራል፤ በጋዝ እሳት ከተቆረጠ ደግሞ የብረቱ ውጥረት ይበላሻል። የባሰው ግን መኪናው በክሪክ ሲነሳ አጭሩ ሞላ ከመቀመጫው ሊላቀቅ መቻሉ ነው። ለከፍታው ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ ካልተገኘ ባይሠራ ይሻላል።

የፋብሪካው የላይኛው መያዣ ላስቲክ አለው፤ ካምበር ፕሌት በቦታው ክብ የብረት መገጣጠሚያ ያስገባል። መሪው ይበልጥ ይታዘዛል፣ ድንጋዩም ሁሉ በቀጥታ ወደ ወንበር ይመጣል። አቧራ የዚህ መገጣጠሚያ ጠላት ነው። ላስቲክ ሽፋን የሌለውን ይዞ በጋ ላይ የምሥራቅ ሐረርጌን የገጠር መንገድ መንዳት ብዙም ሳይቆይ ማንኳኳት ያመጣል።

ምን ያህል ይገፋ? ከታችኛው ኳስ እስከ ላይኛው መያዣ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አናቱን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግፋት ወደ 1 ዲግሪ የሚጠጋ ኔጋቲቭ ይሰጣል። ለመንገድ መኪና ከግማሽ እስከ 1 ዲግሪ ተኩል ይበቃል። 2 እና 3 ዲግሪ የውድድር ሜዳ ቁጥር ነው።

ለመለካት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ የግንበኛ ቱንቢ ይበቃል። ክሩ ከፓራፋንጎው ተንጠልጥሎ በቸርኬው መሀል ትይዩ ይወርዳል፤ ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይ ከንፈርና እስከ ታችኛው ከንፈር ያለው ርቀት ይለካል። በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ በሁለቱ መካከል ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት 1 ዲግሪ ነው። ቸርኬው የተጣመመ ሊሆን ስለሚችል ጎማው ግማሽ ዙር ተዙሮ እንደገና ይለካል፣ አማካዩም ይያዛል። ሐረር ውስጥ እውነተኛ ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከተማዋ ኮረብታ ላይ ናት። መፍትሔው መኪናውን በዚያው ቦታ ፊቱን አዙሮ ደግሞ መለካትና ሁለቱን ማማከል ነው፤ ተዳፋቱ ራሱን ያጣፋል። ከክሪክ የወረደ መኪና ጎማው እንደተጨበጠ ስለሚቀር ሳይለካ በፊት ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳል።

ካምበር ሲቀየር በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ከፊት በኩልና ከኋላ በኩል ያለው ስፋት ልዩነትም አብሮ ይቀየራል፤ ስለዚህ እሱ ሁልጊዜ በመጨረሻ ነው የሚስተካከለው። የውስጥ ጠርዙ ያለቀ ጎማ ሲታይ ካምበር ይወቀሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ይኼ ያልተስተካከለ ስፋት ነው። በአነስተኛ ኔጋቲቭ ካምበር በትክክል የተስተካከለ ጎማ ዕድሜው እምብዛም አይጎዳም።

መንገዱ

ሐረር 1,885 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የደንገጎ ዳገት ካምበር ፕሌት ትርጉም የሚኖረው ቦታ ነው፦ አስፋልት፣ ተከታታይ ኩርባ፣ የውጭ ጎማው ያለ ዕረፍት የሚጫንበት ቁልቁለት። በአወዳይና በሐረማያ በኩል ያለው ሜዳማ ክፍል ላይ ግን ልዩነቱ አይታወቅም፤ የገበያው ሰው፣ ፍየሉና ባጃጁ ማንንም አያስሮጡም።

ጀጎል ሌላ ጉዳይ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ መኪና ወደ ፈረስ መጋላ የሚገባበት የሐረር በር ግን ኋላ የተከፈተ ነው። ከዋናው መንገድ ሲወጣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ድንጋይ ንጣፍና መሀሉ የተቦረቦረ ቦይ ይጠብቃል። እዚህ 4 ሴንቲ ሜትር የወረደ መኪና መጀመሪያ የሚያጣው የጭስ ማውጫውን ነው።

404ን ታላቅ ያሰኘው ውድድርም የዝቅታ ውድድር አልነበረም። መኪናው የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 አሸንፏል፤ በ1963ም በ1968ም መጨረሻ ላይ የደረሱት መኪኖች 7 ብቻ ነበሩ። ያሸነፈው እግሩ ረጅም ርቀት ወጥቶ መውረድ ስለሚችል ነው። በእኔ ግምት ሐረር ላለ 404 የሚስማማው ከፍታውን እንዳለ ትቶ፣ ያረጀውን ላስቲክ በአዲስ ላስቲክ ቀይሮ፣ ካምበሩን ግማሽ ዲግሪ ወደ ውስጥ ማምጣት ነው። ኩፔ ይዞ ደንገጎን ለመደሰት ብቻ የሚወጣና የሚወርድ ካለ 2 ሴንቲ ሜትር ያውርደው፣ ፕሌቱንም ይግጠም፤ ሽፋን ያለውን መርጦ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ ብሎኖቹን እያየ።