ኮምፓይለር ምንድን ነው? ሥራውስ የት ላይ ያበቃል?

«ጋሼ፣ ኮዱ ስህተት የለበትም፤ ፕሮግራሙ ግን አልወጣም» አለኝ የእህቴ ልጅ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፤ እሱ ላፕቶፑን በጃኬቱ ሸፍኖ በሩጫ መምጣቱ ነው። መልእክቱን አነበብኩት፤ የካሬ ሥር የሚያሰላው ፈንክሽን፣ ማለትም ለዚያ ሥራ የተጻፈው የኮድ ክፍል፣ አልተገኘም ይላል። «የሒሳቡን ሄደር ፋይል ከላይ አስገብቻለሁ እኮ!»

አስገብቷል። ኮምፓይለሩም የድርሻውን ጨርሷል።

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚያውቀው የማሽን ትእዛዝ የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። ጽሑፉን ወደ ቃላት ይከፋፍላል፤ ሰዋስዉን ይመረምራል፤ አንዲት ሴሚኮለን ስትጎድል የሚቆጣው እዚህ ላይ ነው። ቁጥርና ጽሑፍ እንዳልተቀላቀሉ ያረጋግጣል፣ ትርፍ ስሌት ይቀንሳል፣ ከዚያ ትእዛዙን ያወጣል።

ሄደር ፋይሉ ግን ለኮምፓይለሩ የሚነግረው «እንዲህ የሚባል ፈንክሽን አለ፤ አስርዮሽ ቁጥር ተቀብሎ አስርዮሽ ይመልሳል» የሚለውን ብቻ ነው። ስሌቱ ራሱ እዚያ የለም። ኮምፓይለሩ አምኖ ያልፋል፤ የፈንክሽኑን አድራሻ ስለማያውቅ ቦታውን ክፍት ትቶ ስሙን ይመዘግባል። የሚወጣው ኦብጀክት ፋይል ይባላል፤ በማሽን ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ለብቻው ግን አይሠራም።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ እግሩም መቀመጫውም ያው እንጨት ነው። ልጁ ፕሮግራምን እንደዚያ አስቦታል። ፕሮግራም የሚመስለው ቁም ሣጥንን ነው፤ ማጠፊያው ከሱቅ፣ መስታወቱ ከሌላ ቦታ መጥቶ ይገጣጠማል። ገጣጣሚው ሊንከር ነው፤ ኦብጀክት ፋይሎችንና ላይብረሪዎችን (ቀድመው የተዘጋጁ የፈንክሽን ስብስቦችን) ሰብስቦ ክፍት የተተዉትን አድራሻዎች ይሞላል። ያ መልእክትም የሊንከሩ ነበር።

እንዲያውም አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 ለዩኒቫክ ኮምፒውተር ያዘጋጁት፣ ኮምፓይለር ተብሎ የተጠራው ኤ-ዜሮ፣ ሥራው ለዛሬው ሊንከር ይቀርባል፤ ቀድመው የተጻፉ የስሌት ክፍሎችን ከቴፕ እየለቀመ ያገጣጥም ነበር። «ኮምፓይል» የሚለው ቃልም በእንግሊዝኛ ማጠናቀር ማለት ነው።

ልጁ የሚጠቀመው ሊኑክስ ስለሆነ በትእዛዙ መጨረሻ ሰረዝ፣ ኤል እና ኤም አስጨመርኩት፤ «የሒሳቡን ላይብረሪ አያይዝ» ማለት ነው። ሠራ። ደስ ይለዋል ስል ግንባሩን ቋጠረ፦ «ታዲያ ጽሑፍ ማተሚያውን ፈንክሽን ሳልነግረው ከየት አገኘው?»

እሱ ያለው ልጁ ኮዱን በጻፈበት ቋንቋ፣ በሲ፣ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ያ ሳይጠየቅ ይያያዛል። የሒሳቡ በሊኑክስ ላይ ለብቻው ተቀምጧል፤ በስሙ ካልጠሩት አይመጣም።