የደን ባዮማስ ምንድን ነው? ሁለት አገር ስናወዳድርበትስ?

ሰሞኑን የኢትዮጵያንና የኬንያን ደን የሚያወዳድር ሥዕል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። የኢትዮጵያ መስመር እ.ኤ.አ. 2015 አካባቢ ሽቅብ ይወጣል። አንድ አስተያየት ሰጪ «ባዮማሳችን በአንድ ዝላይ ጨመረ» ብሎ ጽፎበታል። ወንድሜ፣ ያ መስመር በመቶኛ የተጻፈ የደን ሽፋን ነው እንጂ ባዮማስ አይደለም። እዚሁ ባሕር ዳር በየስብሰባው የምሰማው ስሕተት ስለሆነ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ባዮማስ ክብደት ነው። በአንድ ሄክታር ላይ ያለው ዕፅ ደርቆ ቢመዘን ስንት ቶን ይወጣዋል ማለት ነው። ሽፋን ስፋት ነው። ከዘጌ ጥቅጥቅ ደን፣ ከነዋንዛው ከነብርብራው፣ አንድ ሄክታር ውሰዱ። ከመተማ በኩል ደግሞ የዕጣን ዛፍ ሳሳ ብሎ የበቀለበትን አንድ ሄክታር። በሽፋን እኩል ናቸው፤ በክብደት አይገናኙም።

ሁለት ጎረቤታሞች ገበሬዎችን አስቡ። ማን የበለጠ እህል እንዳለው ለማወቅ ጎተራ አይቆጠርም። በቁና ቢሰፈርም ቁና ጤፍና ቁና ገብስ ክብደታቸው ይለያያል፤ የወይራና የዋንዛ እንጨትም እንደዚያው። አንደኛው ገበሬ በመሐል ቁናውን ቢቀይርስ? የእኛ ነገር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ደን የምትለውን ቀየረች፦ ትንሹ የዛፍ ቁመት ከ5 ሜትር ወደ 2 ሜትር ወረደ፣ ጥላው መሬቱን የሚሸፍንበት መጠን ከ10 ወደ 20 በመቶ ወጣ፣ ስፋቱ በ0.5 ሄክታር ጸና። ብዙ የቆላ ጫካ ደን ተብሎ ተቆጠረ፤ ሽፋኑም ከ11 በመቶ ገደማ 15.5 በመቶ ሆነ። ጭማሪው በአብዛኛው የቁናው እንጂ የእህሉ አይደለም። ኬንያ ደግሞ 2 ሜትርና 15 በመቶ ትላለች፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት 5 ሜትርና 10 በመቶ። ሦስት ቁና ማለት ነው።

በጉድጓድ የተቀበረ እህልም አለ፤ የዛፍ ሥር ማለቴ ነው። ከላይኛው ክብደት ሩብ ገደማ ይሆናል። አንዱ አገር ከነሥሩ፣ ሌላው ያለ ሥር ከጻፈ ንጽጽሩ ፈርሷል። ካርቦንና ባዮማስን ማምታታት ይብሳል፦ ከደረቁ ክብደት ካርቦኑ 47 በመቶ ያህል ነው፤ ያን ያልለየ ሰው አንዱን አገር ከእጥፍ በላይ ያበዛዋል።

ጊዜም አለ። ጎተራ በጥር ሙሉ፣ በነሐሴ ጎዶሎ ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል፤ በቆረጡበት ዓመት የለካና በዋዜማው የለካ የተለያየ አገር ያየ ይመስለዋል።

በሙያዬ ያለውንም ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝ። ዛፍ አንመዝንም። የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ለክተን በቀመር እናሰላለን። የዘጌ ቡና ግን ከሥሩ ጀምሮ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ከጉቶ የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍም ብዙ ግንድ አለው፤ ለትልቅ ዛፍ የወጣ ቀመር እነዚህን አይመጥንም። ከሰማይ የሚለካ ሳተላይትም ቢሆን መሬት ላይ በእኛ ሜትር መፈተሽ አለበት።

ስለዚህ ያንን ሥዕል እኔ ብስለው ከእያንዳንዱ መስመር በላይና በታች የስሕተት ወሰኑን፣ ማለትም ልኬቱ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበትን መጠን፣ አቀልም ነበር። የኢትዮጵያና የኬንያ የስሕተት ወሰን ከተደራረበ ማን በለጠ የሚለው ገና መልስ አላገኘም።