ቀድሞ ድምፅ መስጠት ምንድን ነው? ኮሮጆውስ የት ያድራል?

ጥቅምት ገና ሳይጋመስ አሜሪካ ያለ ዘመድ ደውሎ «እኛ እኮ መርጠን ጨረስን» ሲል ሐዋሳ ላለ ሰው ግር ይለዋል። የምርጫው ቀን ገና ነው፤ ታዲያ ምኑን መረጡ? እኛ ዘንድ ድምፅ የሚሰጠው በአንድ ቀን፣ ካርድ በወጣበት ምርጫ ጣቢያ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ለሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሻፌታና ጎጆ በምርጫ ምልክትነት የቀረቡለት መራጭም የተሰለፈው በዚሁ አሠራር ነበር።

ቀድሞ ድምፅ መስጠት ማለት የተመዘገበ መራጭ ከምርጫው ቀን በፊት በተወሰኑ ቀናት ራሱ በአካል ቀርቦ መምረጡ ነው። በፖስታ ቤት ከሚላክ ድምፅ ይለያል፤ እዚህ አስፈጻሚ አለ፣ መዝገብ አለ፣ መጋረጃ አለ። የቀኑ ብዛት እንደየአገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫ ቴክሳስ ውስጥ 15 ቀን ሲቀረው ተከፍቶ 4 ቀን ሲቀረው ተዘግቷል። ኒውዮርክ 9 ቀን ይሰጥና እሑድ ይዘጋል፤ ዋናው ምርጫ ማክሰኞ ነው። ደቡብ ኮሪያ ሁለት ቀን ብቻ አላት። በእኛው አህጉር ጋና ዕድሉን የምትሰጠው በምርጫው ቀን ሥራ ላይ ለሚሆኑ ነው፤ ለፖሊስ፣ ለወታደር፣ ለምርጫ አስፈጻሚ፣ ለጋዜጠኛ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ አስቀድሞ ላመለከተ ሁሉ ትፈቅዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫው ሜይ 29 ሲሆን ልዩ ድምፅ የተሰጠው 27 እና 28 ነው።

በአንዳንድ ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ሥራው የሚሠራው በማዘጋጃ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። የልደት ምስክር ወረቀትና የውሻ ፈቃድ የምትሰጠው የከተማው ጸሐፊ የምርጫውም ኃላፊ ናት፤ ከእሷ ጋር አንድ ረዳትና ጥቂት የቀን ሠራተኞች ይኖራሉ። መራጩ ስሙንና አድራሻውን ይናገራል፣ ከመዝገቡ ይፈለጋል፣ የሰፈሩን ወረቀት ይቀበላል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምልክት ያደርጋል። እስከዚህ ድረስ ከእኛው ጣቢያ ብዙም አይለይም።

የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ቦታ ወረቀቱ በቀጥታ ወደ ቆጣሪ ማሽን ይገባል፤ ማሽኑ ስንት ወረቀት እንደዋጠ ያሳያል እንጂ ማን ስንት እንዳገኘ እስከ ምርጫው ማታ አይናገርም። ሌላው ቦታ፣ ለምሳሌ በማሳቹሴትስ ከተሞች፣ ወረቀቱ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል፤ መራጩ በፖስታው ላይ ይፈርማል። ያ ፖስታ ለዋናው ቀን የሚደርሰው ሌሊቶች አድሮ ነው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ኮሮጆው የት ያድራል? ማን ይጠብቀዋል? የአንድ ቀን ምርጫ ይህን ጥያቄ የሚያመልጠው በዚያው ማታ፣ በዚያው ክፍል፣ ታዛቢ ፊት ስለሚቆጠር ነው።

መልሱ ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። አንድ ማታ እንዲህ ይዘጋል እንበል። ጠዋት 500 ወረቀት ወጥቷል። በመዝገቡ የፈረመ 137 ሰው፤ የተበላሸባቸው ሁለት ወረቀቶች ተመልሰው በሌላ ፖስታ ታሽገዋል፤ ያልተነካ 361 ቀርቷል። 137፣ 2 እና 361 ሲደመር 500 ይሞላል፤ ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። የሳጥኑ ቀዳዳ ቁጥር ባለው የፕላስቲክ ማሸጊያ ይዘጋል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ የፓርቲ ወኪልም ቁጥሩን በራሱ ደብተር ይይዛል። ማሸጊያው ሳይቆረጥ አይከፈትም። ጠዋት ቁጥሩ ተነቦ ከትናንቱ ጋር ሳይመሳሰል ማንም አይነካውም። አንድ አኃዝ እንኳ ከተለየ የሚጠራው ታዛቢ ነው፣ መቀስ አይደለም።

ሒሳቡ አልገጥም ሲል ሁሌ ሌባ አይፈለግም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወረቀት ተጣብቆ እንደ አንድ ተሰጥቷል፣ ወይም ሰው ፈርሞ ሰልፉ ሰልችቶት ወጥቷል፣ ወይም የአባት ስም ላይ መሰመር የነበረበት የልጁ ስም ላይ ተሰምሯል። በአማርኛ መዝገብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፦ «ፀሐይ» በፀ ይፈለግ በጸ? «ኃይሌ» በኃ ነው በሀ ነው? ሰውየው መዝገብ ላይ እያለ «የለህም» ተብሎ የሚመለሰው በዚህ ነው። ፈላጊው ሁሉንም ሞክሼ ፊደል ሳያይ መመለስ የለበትም።

የትንሽ ከተማ ሌላ ፈተና ምስጢር ነው። ከአንድ ሰፈር ቀድሞ የመረጠው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንና ድምፁ ለብቻው ተቆጥሮ ቢለጠፍ፣ ማንን እንደመረጠ ሰፈሩ በሙሉ አወቀ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በፖስታው ላይ ያለው ስም ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ቀጥሎ ወረቀቱ ሳይታይ ከፖስታው ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ምስጢሩ አለቀ። ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ «ይህ ሰው መምረጥ አይገባውም ነበር» ቢባል ወረቀቱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ክርክሩ ማለቅ ያለበት ፖስታው ሳይከፈት ነው።

ሁለት ጊዜ መምረጥስ? የእኛ አገር መድኃኒት የጣት ቀለም ነው። ቀለሙ ለአንድ ቀን ምርጫ አስተማማኝ ነው፤ ከቆዳ ላይ ግን በቀናት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል፣ የሚቆየው ጥፍር ላይ ያለው ነው። ምርጫው ለሁለት ሳምንት ከተዘረጋ የሚያድነው መዝገቡ ነው። ቀድሞ የመረጠው ሰው ስም አጠገብ ምልክት ይደረጋል፣ ያ ምልክት ያለበት መዝገብ ዋናው ቀን ሳይነጋ ጣቢያው ይደርሳል። ቴክሳስ እንዳደረገችው 4 ቀን ሲቀረው መዝጋት ለዚህም ይጠቅማል። ስዊድን ግን ለየት ትላለች፦ ቀድሞ የመረጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ በዋናው ቀን በራሱ ጣቢያ ቀርቦ እንደገና ይመርጣል፣ የፊተኛው ፖስታ ይሰረዛል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ግን ፖስታው አንዴ ከገባ መመለስ የለም።

ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል የድምፅ መስጫ ወረቀት አጥሮ በነበረባቸው ቦታዎች ድምፅ መስጠቱ ለማግስቱ አድሯል። ያ ቀድሞ ድምፅ መስጠት አይደለም፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የማሸጊያውና የአዳሩ ጥያቄ ግን አንድ ነው። ሕጉ ለወታደሮች፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ልዩ ምርጫ ጣቢያ ይፈቅዳል፤ ቦታን መቀየር ግን አንድ ነገር ነው፣ ቀንን መቀየር ሌላ።

ልዩነቱ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምትሠራና ካርዷን በአለታ ወንዶ ከተማ ላወጣች ልጅ ትልቅ ነው። ቀን ብቻ ቢጨመርላት ትራንስፖርቷ አይቀርላትም፤ የሚቀርላት በምርጫው ቀን ፈቃድ መለመኑ ነው። ካለችበት ትምረጥ ከተባለ፣ ደቡብ ኮሪያ እንደምታደርገው፣ ሐዋሳ ያለው አስፈጻሚ የአለታ ወንዶን መዝገብ በኮምፒውተር ማየት፣ የዚያን ምርጫ ክልል ወረቀት መስጠትና ፖስታውን በሰዓቱ ማድረስ አለበት። ከሁሉ የሚቀለው የደቡብ አፍሪካው ነው፦ በራስ ጣቢያ፣ በራስ መዝገብ፣ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ። መዝገቡ ከቦታው አይነቃነቅም። ለጣቢያው የሚጨመረው ጥቂት ፖስታ፣ ቁጥር ያለው ማሸጊያና አንድ ሁለት ሌሊት ከታዛቢ ጋር የሚያድር ሰው ነው።