የሙዚቃ ምርጫና ስብዕና

ሰው የሚወደው ሙዚቃ ጠባዩን ያሳያል? የሥነ ልቦና ምሁራን ይህን በመጠይቅ መፈተሽ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሬይመንድ ካቴል በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) አሜሪካ ውስጥ የሙዚቃ ምርጫ ፈተና አዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ እዚህም እዚያም ትንንሽ ጥናቶች ወጥተዋል።

ዘርፉ እግሩን የተከለው በ2003 ነው። በኦስቲኑ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፒተር ሬንትፍሮና ሳም ጎስሊንግ ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ አሳተሙ። በጠቅላላው ከ3,500 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። መጠይቁ በጣም አጭር ነው። 14 የሙዚቃ ዓይነቶች ይዘረዘራሉ፤ ተጠያቂው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። መልሶቹ በአራት ጎራ ተሰባሰቡ። ጃዝ፣ ብሉዝ፣ ክላሲካልና ፎክ አንድ ላይ ሆኑ። ሮክ፣ አልተርኔቲቭና ሄቪ ሜታል ሁለተኛውን ጎራ ሠሩ። ፖፕ፣ ካንትሪ፣ መንፈሳዊ መዝሙርና የፊልም ሙዚቃ ሦስተኛው ውስጥ፣ ራፕ፣ ሶልና ኤሌክትሮኒክ አራተኛው ውስጥ ገቡ።

አዲስ ነገር መሞከር የሚወዱ ሰዎች ወደ ጃዝና ክላሲካሉ ጎራ ያደላሉ። ተጫዋችና ሰው ወዳድ የሆኑት ፖፑንና ራፑን ይመርጣሉ። ስለ ሄቪ ሜታል የተገኘው ውጤት በተለይ መታወቅ አለበት። የሮክና የሜታል አድማጮች ነጭናጫ ወይም ጠበኛ ሆነው አልተገኙም፤ እነሱም አዲስ ነገር ወዳድ ናቸው።

በ2006 ሁለቱ ተመራማሪዎች ሌላ ግሩም ሙከራ አደረጉ። ተማሪዎች በጣም የሚወዷቸውን 10 ዘፈኖች ዘረዘሩ። የማያውቋቸው ሰዎች ዘፈኖቹን ብቻ ሰምተው ጠባያቸውን ገመቱ። አዲስ ነገር ወዳድነትን በተመለከተ ግምታቸው በደንብ ሰመረ።

በ2011 ሬንትፍሮ፣ ሉዊስ ጎልድበርግና ዳንኤል ሌቪቲን የዓይነት ስም መጠየቁን ትተው ሰዉ የማያውቃቸውን የሙዚቃ ቅንጫቢዎች አሰሙ። አካሄዱ ትክክል ነበር፤ «ጃዝ እወዳለሁ» የሚል ሰው የወደደው ስሙን ሊሆን ይችላል። አሁን አምስት ጎራ ወጣ፤ ከእነሱ መካከል አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ የረቀቀ፣ አንዱ ኃይለኛ ሙዚቃ የሚሰበሰብበት ነው።

በ2017 የቀደሙ ጥናቶችን የደመረ ግምገማ ግን ዝምድናው በጣም ትንሽ ነው ብሏል። ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ የለም ማለት ግን አይደለም። በዴቪድ ግሪንበርግ የተመራውና በ2022 የታተመው ጥናት ከ50 በላይ አገሮች የሚኖሩ ከ350,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ተመሳሳይ መልክ አግኝቷል።

የተሰማው ሙዚቃ ግን የምዕራባውያን ነበር። በ14ቱ ዝርዝር ውስጥም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሉም። በማሲንቆ የሚዜም ትዝታ የሚወድ ሰው ከለስላሳው ጎራ ይግባ ወይስ ከረቀቀው? ይህን ለመመለስ በቅኝቶቻችን የተሠራ መጠይቅ ያስፈልጋል።